ሼርሎክ ሆልምስ ሥራ ሲያጣ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1887 ዶክተር ዋትሰን ከፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ቴሌግራም ይደርሰዋል። ጓደኛው ሼርሎክ ሆልምስ ሆቴል ውስጥ ታሞ ተኝቷል። ዋትሰን 24 ሰዓት ሳይሞላ አልጋው አጠገብ ይደርሳል። ሆልምስ ከ2 ወር በላይ በቀን ከ15 ሰዓት ያላነሰ ሲሠራ ከርሞ፣ የ3 አገር ፖሊስ ያቃተውን አጭበርባሪ ገና ማሸነፉ ነው። መላው አውሮፓ ስሙን ያነሳል። የደስታ መግለጫ ቴሌግራም ከመብዛቱ የተነሳ ክፍሉ ውስጥ የሚራመድ ሰው እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይሰምጣል። ሰውየው ግን እዚያ ሁሉ "እንኳን ደስ ያለህ" መሃል ድቅድቅ ያለ ድባቴ ውስጥ ነው የተገኘው።

ልብ ወለድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ይሄን ሳነብ ከፊልም የማውቀው ቆፍጣናና ሁሉን አዋቂ መርማሪ ጠፋና በቦታው እኔን የመሰለ ሰው ተኝቶ አየሁ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ሥራውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥር ላይ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ቅዳሜና እሁድ ቀረጻ፣ በማግስቱ መልስ፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ኤዲቲንግ፣ ጠዋት ደግሞ "ወንድሜ፣ ቪዲዮው መቼ ነው የሚደርሰው?" የሚል ስልክ። ያን ጊዜ የሚያየኝ ሰው እንደሱ ያለ ደስተኛ የለም ይላል። ሙሽሮቹን አስቃለሁ፣ ሚዜዎቹን አሰልፋለሁ፣ ከእናቶች ጋር እስክስታ እወርዳለሁ። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። ሠርግ ይቆማል። እኔም እጠፋለሁ።

መጥፋት ስል ከቤት አልወጣም ማለቴ ነው። መጋረጃ አይከፈትም። ያው ሹራብ ሰንብቶ እላዬ ላይ ይቆያል። ስልክ ይጠራል፣ አየዋለሁ፣ እስኪያቆም እጠብቃለሁ። ምግብ እስከ ማታ አልቀምስም፣ ማታም ሁለት ሦስት ጉርሻ ነው። ቤተሰብ ምንም አልጠረጠረም፤ ጾም ነዋ! እናቴ እንዲያውም ለጎረቤት "ልጄ ዘንድሮስ እንዴት አጥብቆ እየጾመ መሰላችሁ" ስትል ሰምቻታለሁ። ምን ልበላት? ደስ ብሏት ነው የምታወራው።

ሆልምስን ማንበብ የጀመርኩት በአንዱ ሁዳዴ ነው። ለምን እሱን እንደመረጥኩ እንጃ። ታሪኮቹ አጫጭር ናቸው፣ በነፃ ይገኛሉ፣ ተጋድሞ ለሚውል ሰው ይመቻሉ። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል በጠቅላላው 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች ጽፏል። ወንጀሉን ማን ሠራው የሚለው ቶሎ ሰለቸኝ። ልቤን የያዘው በወንጀሎቹ መሃል ያለው ጊዜ ነው። ደንበኛ ያልመጣበት ቀን፣ ጋዜጣው ላይ ምንም የሌለበት ጠዋት፣ ሆልምስ ሥራ ያጣበት ሳምንት። ደራሲው ያንን ጊዜ በሁለት በሦስት መስመር ነው የሚያልፈው፤ ግን መስመሮቹን ሰብስባችሁ ስታነቧቸው ሌላ ሰው ይወጣል።

በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መጀመሪያ በ1887 በመጽሔት በወጣው፣ ሁለቱ ሰዎች ቤት በጋራ ሊከራዩ ሲገናኙ አንዱ ለሌላው አመሉን ይናገራል። እኛም ዘንድ ደባል የሚፈልግ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ታጨሳለህ ወይ፣ ማታ ስንት ሰዓት ትገባለህ። ሆልምስ ትምባሆ እንደሚያጨስ፣ ቤት ውስጥ ኬሚካል እንደሚሞክር ይነግረውና እግረ መንገዱን አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። አንዳንዴ ይደብረኛል፣ ለቀናት አፌን አልከፍትም፣ ያኔ ያኮረፍኩህ እንዳይመስልህ፣ ዝም ብለህ ተወኝ፣ ይሻለኛል። በቃ። ዋትሰንም የራሱን አመል ይዘረዝርና ወደ ኪራዩ ይሄዳሉ።

እንደኔ ያለ ሰው የሚናገረው እንደዚህ ነው። አንዴ ይናገራል፣ ቀለል አድርጎ፣ ከሌላ ወሬ ጋር ቀላቅሎ፣ ከዚያ አይደግመውም። እኔ ጓደኞቼን "ሁዳዴ ላይ አትፈልጉኝ፣ ቻርጅ ላይ ነኝ" እላቸው ነበር፤ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ስለዚህ ቤታችሁ ያለ ሰው እየቀለደ "እኔ እኮ አንዳንዴ እጠፋለሁ" ካለ ቀልዱን ሳቁለት፣ ነገሩን ግን ያዙት።

(በነገራችን ላይ ዋትሰንም ደህና አልነበረም። ከአፍጋኒስታን ጦርነት ቆስሎና ታሞ ተመልሶ፣ ለንደን ውስጥ አንድ ሆቴል ትርጉም የሌለው ኑሮ ሲኖር ነው የተገናኙት። ነርቬ ተነክቷል፣ ባልሆነ ሰዓት እነሳለሁ፣ በጣም ሰነፍ ነኝ ብሎ ራሱ ይናገራል። ሁለት የደበራቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ የቤት ኪራይ የተካፈሉት።)

ከዚያ ሶፋው ይመጣል። ሥራ ሲይዘው ሆልምስን የሚስተካከለው የለም፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ለቀናት ሳሎን ሶፋ ላይ ይጋደማል። ከጠዋት እስከ ማታ ቃል አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። ዓይኑ ባዶና ሕልም የሚያይ የመሰለ ነው። ዋትሰን ሐኪም ስለሆነ ሱስ ይኖርበት ይሆን ብሎ ያስባል፤ ወዲያው ግን ሐሳቡን ይጥለዋል። ለምን? ሰውየው ቁጥብና ንጹሕ ኑሮ የሚኖር ስለሆነ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ተምሮ ሐኪም የሆነ ሰው፣ አንድ ቤት እየኖረ፣ ምልክቱን ዓይኑ እያየው፣ ጓደኛው ሥርዓት ያለው ሰው በመሆኑ ብቻ አለፈው። የእኛ ቤተሰቦች ቢያልፉት ምን ይገርማል? ሆልምስ አለባበሱ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። እኔም ቀጠሮ ካለኝ ተላጭቼ፣ ሸሚዝ ተኩሼ ነው የምወጣው። የተተኮሰ ሸሚዝ ለማንም ምንም አይነግርም።

ዕቃውን ደግሞ እዩት። አንዱ ታሪክ ላይ ዋትሰን የጓደኛውን ዝርክርክነት ይዘረዝራል። ሲጋር የድንጋይ ከሰል ባልዲ ውስጥ፣ ትምባሆ በፋርስ ነጠላ ጫማ ጫፍ ውስጥ፣ መልስ ያላገኙ ደብዳቤዎች ደግሞ ከምድጃው በላይ ባለው እንጨት ላይ በሴንጢ ተወግተው። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነጠላ ጫማውን ነው። ለኔ ግን ጫማው ምንም አይደለም። የሰው አመል ነው፣ እናቴም ገንዘብ በርበሬ ጣሳ ውስጥ ታስቀምጣለች። እኔን የነካኝ ሴንጢው ነው። ደብዳቤውን አልጣለውም። አልረሳውም። በየቀኑ በሚያየው ቦታ፣ መሃል ላይ፣ ወግቶ ነው ያስቀመጠው። መመለስ እንዳለበት ያውቃል፣ ግን አልቻለም። የኔ ቴሌግራም አፕ ላይ "ፒን" ያደረግኳቸው መልእክቶች እንደዚያው ናቸው። ሰው "ንቆኝ ነው" ይላል። ንቀት አይደለም፤ እያንዳንዱ ያልተመለሰ መልእክት ሲታይ ይከብዳል፣ በከበደ ቁጥር ደግሞ መመለሱ ይበልጥ ይከብዳል።

እዚያው ታሪክ ላይ ወረቀት ማጥፋት እንደሚጠላ፣ ለማስተካከል ግን ጉልበት የሚያገኘው በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ እንደሆነ ይነግረናል። ታላቅ ሥራ የሠራበት ወቅት ካለፈ በኋላ በቫዮሊኑና በመጻሕፍቱ ተከቦ ይጋደማል፣ ከሶፋው እስከ ጠረጴዛው ካልሆነ አይንቀሳቀስም። ይቺን "ከሶፋው እስከ ጠረጴዛው" የምትለዋን የጻፈ ሰው አይቶ ነው የጻፈው ብዬ አምናለሁ።

እንቅልፉም አለ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ሆልምስ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብዙም አያመሽም፣ ጠዋት ዋትሰን ሳይነሳ ቁርሱን በልቶ ወጥቷል። በኋለኞቹ ታሪኮች ላይ ግን ጠዋት አርፍዶ የሚነሳ፣ አለዚያም ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ ሰው ሆኗል። ምናልባት ዶይል መጀመሪያ የጻፈውን ረስቶት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ መርሳት ያበዛል። እንደ አንባቢ ግን እኔ የማየው በጊዜ ይተኛ የነበረ ሰው እንቅልፉ ቀስ በቀስ ሲበላሽ ነው። ይሄ ደግሞ ከውጭ በቀላሉ የሚታይ ነገር ነው። መብራቱ ስንት ሰዓት ጠፋ? ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ለመልእክት መልስ ሰጠ ወይ?

ምግቡን ግን ተጠንቀቁ። ሆልምስ አንዳንዴ እስኪዝለፈለፍ ድረስ አይበላም፤ ያ ግን በአብዛኛው ሥራ ውስጥ ሲገባ ነው። ጠዋት ከቁርስ በፊት የሚያጨሰው ደግሞ ትናንት ከፒፓው የተረፈውን አመዳም ትምባሆ አድርቆ ነው፤ አንዳንዱ ይቺንም ምልክት ያደርጋታል፣ እኔ አልስማማም። ሙዚቃም ይወዳል። ሥራ መሃል እንኳ አቋርጦ ኮንሰርት ይሄዳል፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጣቶቹን በዜማው ያወዛውዛል። የሚወዱት ነገር ሁሉ መጥፋት የድባቴ ዋና ምልክት ስለሆነ፣ ይሄ ሰው ድባቴ አለበት ብሎ የሚደመድም ሁሉ ያቺን ኮንሰርት ማስረዳት አለበት። እኔ የማስረዳት ሐሳብ የለኝም። ልብ ወለድ ሰው ምርመራ አያስፈልገውም። ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለራሱ ሲተዉት ያንኑ ቫዮሊን ጭኑ ላይ ጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲሁ ሲፍቀው ያመሻል፣ ዜማም የለው። እኔም ሥራ ላይ ስሆን የሙዚቃ ምርጫዬ አንደኛ ነው፣ ሲከፋኝ ግን አንድ ዘፈን እከፍትና ግማሹ ላይ እዘጋዋለሁ።

ዶይል ከየት አመጣው? ራሱ ሐኪም ነበር፣ ኤድንብራ የተማረ። ከዚያ ይልቅ እኔን የገረመኝ አባቱ ናቸው። ቻርልስ ዶይል ሠዓሊ ነበሩ፤ በመጠጥና በሕመም ምክንያት ብዙ ዓመታቸውን የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ውስጥ አሳልፈው እ.ኤ.አ. በ1893 እዚያው አረፉ። የመጀመሪያው የሆልምስ ታሪክ በ1888 በመጽሐፍ መልክ ሲታተም ሥዕሎቹን የሳሉት እሳቸው ናቸው፣ ከመጠለያው ሆነው። ደራሲው አባቴን ነው የጻፍኩት አላለም፣ እኔም አልልም። ሶፋ ላይ የሚተኛ ብልህ ሰው ምን እንደሚመስል ግን ከሌላ ሰው መጠየቅ አላስፈለገውም።

አሁን ከባዱ ነገር። በ1890 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ የሚጀምረው ሆልምስ ክንዱን ኮኬይን ሲወጋ ነው። በቀን 3 ጊዜ፣ ለብዙ ወራት። በዚያን ዘመን እንግሊዝ አገር የተከለከለ አልነበረም። ዋትሰን ሲቆጣው የሚሰጠው መልስ ነው ነገሩን የሚያስረዳው፤ አእምሮዬ መቆም አይችልም፣ ሥራ ስጡኝ፣ እንቆቅልሽ ስጡኝ፣ ያኔ ይሄ አያስፈልገኝም። መጽሐፉ ሲያልቅ ዋትሰን ሚስት አግኝቷል፣ ፖሊሱ ምስጋናውን ወስዷል፤ ላንተስ ምን ቀረ ሲሉት እኔማ ጠርሙሴ አለልኝ ብሎ እጁን ይዘረጋል። ጠቅላላ መጽሐፉ በሱ ተጀምሮ በሱ ያልቃል። መሃል ላይ፣ ሥራ ባለበት፣ ጠርሙሱ የለም።

በኛ ሙያ ጫቱ ነው። ሌሊት ኤዲት የሚያደርግ ልጅ ጫት ይዞ ይቀመጣል፣ ምርቃናው ይሠራለታል፣ ጠዋት ላይ ሲወርድ ደግሞ ድብርቱ አለ፣ ለዚያ ጨብሲ ይፈልጋል። ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይደነግጥበትም። እኔ የምለው ምን ያህል ቃመ የሚለውን ትታችሁ መቼ ቃመ የሚለውን እዩ። ሥራ ሊገፋበት የሚቅም አለ። ሥራ በሌለበት ቀን ብቻውን፣ በሩን ዘግቶ፣ ቀኑ እንዲያልፍለት የሚቅም ደግሞ አለ። ሁለተኛው ሰው ሌላ ጥያቄ ነው የሚያስፈልገው። ሁለቱም ጉዳት አላቸው፣ ጫትን ነፃ እያወጣሁ አይደለም።

አንድ ሌላ ልማድ፦ ስለ ቤተሰቡ አያወራም። ዋትሰን ለዓመታት አብሮት ኖሮ ዘመድ የሌለው የሙት ልጅ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር፤ አንድ ቀን ሻይ ላይ ተቀምጠው ወንድም እንዳለው ይሰማል፣ ያውም እዚያው ለንደን ውስጥ። ዩኒቨርሲቲ እያለም በ2 ዓመት ያፈራው ጓደኛ አንድ ብቻ ነው፣ ክፍሉ ዘግቶ መተከዝ እንደሚወድ ራሱ ይናገራል። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ቤቱን ያደምቃል፣ ግን ከጨዋታው ውስጥ እሱ የለም። የሌላውን ሰው ሕይወት ከጫማው ጭቃ ያነባል፤ የራሱን ማንም እንዲያነብ አይሰጥም።

ዋትሰን ምን አደረገ? ብዙ ጊዜ ምንም። የኮኬይኑን ነገር ለወራት በየቀኑ እያየ ልናገር፣ ልናገር እያለ ይተወዋል፤ ጓደኛው ብልህ ነው፣ ማን ደፍሮ ይናገረዋል። በመጨረሻ ሲናገር ሆልምስ አልተቆጣም። ይሄን አስምሩበት። ዋትሰን የፈራው ቁጣ አልመጣም፣ እንዲያውም ሰውየው ማውራት የፈለገ ይመስል ተመቻችቶ ተቀመጠ። የዋትሰን ምርጥ ሥራው ግን ያ የሊዮን ታሪክ ነው። ወደ ለንደን ይዞት ይመለስና ገጠር ያለ የጦር ወዳጁ ቤት ሊወስደው ያስባል። ኑ ብቻ ቢለው እምቢ እንደሚል ያውቃል። ስለዚህ ዘዴ ፈለገ፤ ቤቱ የወንደላጤ ቤት ነው፣ የፈለግከውን ትሆናለህ፣ ማንም አያስቸግርህም አለው። ሄደ።

የኔ ታላቅ እህት ሆልምስን አንብባ አታውቅም። ግን አንድ ቀን ደውላ እንዲህ አለችኝ፦ "ስማኝ፣ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ክፍለ ሀገር ሄደዋል፣ ቤት ማንም የለም። እኔም ሥራ ነኝ። ና እዚህ ተኛ። ምግብ አለ፣ ካልፈለግህ አትብላ።" "ምን ሆነህ ነው" አላለችም። "ተነሥና ተንቀሳቀስ" አላለችም። ሌላ ሰው ያን ሰሞን ጠርቶኝ ሁሉ እምቢ ብያለሁ፣ ምክንያቱም ግብዣ ማለት መልበስ፣ መሳቅ፣ "ሥራ እንዴት ነው" ለሚለው መልስ ማዘጋጀት ነው። እሷ ጋ ሄድኩ። ሄጄም ተኛሁ።

ትንሽ ከሰነበትኩ በኋላ ማታ ሻይ እየጠጣን "እታለም፣ እኔ እኮ ጾም አይደለም" አልኳት። "አውቃለሁ" አለችኝ። ከዚያ ቀጥታ ጠየቀችኝ፦ "መሞት አስበህ ታውቃለህ?" እንደዛ፣ ስኳር እያማሰለች። ይሄን ጥያቄ ሰው የሚፈራው ሐሳቡን የሚያስገባ ስለሚመስለው ነው። አያስገባም፤ ሐኪሞችም የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ በግልጽ መጠየቅ ሰውን ያስተነፍሳል እንጂ አይገፋውም። እኔ ያኔ የሰጠኋት መልስ "እንዳልነሳ የምመኝበት ጠዋት አለ" የሚል ነበር። መልሱ "አዎ፣ እንዴት እንደማደርገውም አስቤያለሁ" ከሆነ ግን ያን ሰው ብቻውን አትተዉት፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በዚያው ሰዓት ይዛችሁት ሂዱ።

ሆልምስ ራሱ አንዴ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞታል። ፊቷን አንበሳ ያበላሸባት ሴት ታሪኳን ነግራው ስትጨርስ ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይሰማና ዞር ብሎ ሕይወትሽ የራስሽ ብቻ አይደለም፣ እጅሽን እንዳታነሺበት ይላታል። ከሁለት ቀን በኋላ መርዙን በፖስታ ላከችለት። ስሜት የሌለው ማሽን ይመስላል የተባለው ሰው ያችን ድምፅ ማን አስተማረው? እኔ የራሴ መልስ አለኝ።

ሐኪም ጋ የሄድኩት ከእህቴ ጋር ነው። "አማኑኤል ሄደ" ከተባለ ሰፈሩ "አበደ" ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። የአእምሮ ሕክምና ግን አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው፤ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም ክፍሉ አላቸው፣ የሠለጠነ ባለሙያ ያላቸው ጤና ጣቢያዎችም አሉ። እኔን ያየችኝ ዶክተር ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ጥያቄ ጠየቀችኝ። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበት፣ ትኩረት፣ የምትወደው ነገር ያስደስትሃል ወይ፣ ራስህን ትወቅሳለህ ወይ፣ የመሳሰለው። መከፋት ወይም የሚወዱት ነገር መጥፋት፣ ከሁለቱ አንዱ ኖሮ፣ በድምሩ ቢያንስ 5 ምልክት ለ2 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ካለ፣ እና ኑሮን የሚያውክ ከሆነ፣ በሐኪም የሚታይ ነገር ነው። ደም አስመረመረችኝ፤ ደም ማነስና የታይሮይድ ችግር ተመሳሳይ ድካም ያመጣሉ። ብዙ ሰው እኛ አገር መጀመሪያ የሚሄደው ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬን፣ ወገቤን ብሎ ነው አለችኝ፤ እኔም ከዚያ በፊት ለራስ ምታት ስንት መድኃኒት ጨርሻለሁ።

አንድ ጥያቄዋ አስደነገጠኝ። "ጥር ላይስ? እንቅልፍ ሳትተኛ የማይደክምህ፣ ሐሳብህ የሚሮጥ፣ ገንዘብ የምትበትንበት፣ ሰው 'ምን ሆነሃል' የሚልህ ጊዜ አለ?" ጥሩውንም ወቅቴን ነው የምትመረምረው! ለምን እንደሆነ አስረዳችኝ። ከፍ ብሎ ዝቅ የሚል ስሜት ባይፖላር ሊሆን ይችላል፣ ለሱ የሚሰጠው መድኃኒት ሌላ ነው፣ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ቢሰጥ ሊያባብስ ይችላል። የኔ እንቅልፍ ማጣት ከደንበኛ ጭቅጭቅና ከጫት የመጣ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የወደቃችሁበትን ብቻ አታውሩ፣ የበረራችሁበትንም ንገሩ። ጫቱንም አትደብቁ። የሆልምስ ነገር ላይ አንባቢዎች የሚከራከሩት እዚሁ ጋ ነው፤ ያ ሁሉ ጉልበትና ያ ሁሉ መውደቅ ድባቴ ነው ወይስ ባይፖላር? ዶክተሯ ብትኖር ትጠይቀው ነበር።

የታዘዘልኝን መድኃኒት ስም አልጽፍም፣ ሰው ስም ሰምቶ ከፋርማሲ ይገዛል። የሚጠቅማችሁን ብቻ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻል፣ ለውጡ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ብዙ ሰው የሚተወው በዚያ መሃል ነው። ሲሻላችሁ ደግሞ በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡ፤ ከተሻለ በኋላም ለወራት ይወሰዳል፣ የሚቀነሰውም በሐኪም ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ደግሞ የምክር ሕክምና ነበረኝ፣ እዚያ የተሠራው ሥራ ቀላል ነው የሚመስለው፤ ጠዋት መጋረጃ መክፈት፣ በቀን አንድ መልእክት መመለስ። አንድ። እናቴ ጠበል ይሂድ አለች፣ ሄድኩ፣ መድኃኒቴን ይዤ። ዶክተሯም መድኃኒቱን እስካላቋረጥክ ድረስ ምን ችግር አለው አለችኝ።

ሥራ መድኃኒት ነው የሚለውን ነገር ግን እንነጋገርበት። ሆልምስ እንደዚያ ያምናል፤ አእምሮዬ ለተሠራበት ሥራ ካልተያያዘ ራሱን እየበጣጠሰ የሚሮጥ ሞተር ነው ይላል። ዋትሰንም ያምናል፣ አዲስ ጉዳይ ሲመጣ ደስ ይለዋል። ሊዮን ላይ የጣለው ግን ያው ሥራ ነው። በ1897 ደግሞ አንድ የለንደን ሐኪም ሥራውን ጨርሶ ካልጣለ ለዘለዓለም ከጥቅም ውጪ ይሆናል ስላለ ለማረፍ ወደ እንግሊዝ ገጠር፣ ኮርንዎል፣ ሄዷል። ሥራ ድባቴውን ይሸፍነዋል፣ አያድነውም። "እሱማ ምን ሆነ፣ ሥራውን እየሠራ አይደል" የሚባለው ሰው ላይ ነው ዓይን መጣል ያለበት፤ በተለይ ፕሮጀክቱ ያለቀ ሰሞን፣ የተመረቀ ሰሞን፣ ትልቁ ሥራ የተዘጋ ሰሞን።

ማንበብ ለሚፈልግ፣ ቅደም ተከተሉን እኔ እንዲህ አደርገው ነበር። መጀመሪያ "ዘ ራይጌት ስኳየርስ"፣ የሊዮኑ እሱ ነው፣ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ይበቃል። ከዚያ "ዘ ማስግሬቭ ሪችዋል"፣ ሴንጢው ያለበት። ከዚያ "ዘ ሳይን ኦፍ ፎር"። ፊቷ የተሸፈነው ሴት ያለችበት "ዘ ቬይልድ ሎጀር" ይባላል፣ አጭር ናት። "ዘ ሪታየርድ ከለርማን" የሚለውን ደህና ባልሆናችሁበት ሰሞን አትክፈቱት፤ ሆልምስ መግቢያው ላይ ሕይወት ሁሉ ከንቱ አይደለም ወይ፣ እንዘረጋለን፣ እንጨብጣለን፣ በመጨረሻ እጃችን ላይ የሚቀረው ጥላ ነው፣ ከጥላም የከፋ ነው እያለ ነው የሚጀምረው። እኔ በተኛሁበት ነው ያነበብኩት፣ ሁለቴ። ሲሻላችሁ አንብቡት፤ ወንጀሉም ጥሩ ነው።